ጣፎ ያለው የቅዳሜ ቡና፣ በጉዲፈቻ ላደግን ሰዎች (ከ5 ኮከብ 4)

አስቀድሜ ልናገር፣ የቤቱን ስም አልጽፍም፣ ምክንያቱም ስም የለውም። በሩ ላይ ታፔላ የለም፣ ቲክቶክም የለውም፣ ሎኬሽን ላኪልን ብትሉኝም አልልክም፣ የሚመጡት ሰዎች ግማሾቹ ቤተሰባቸው ሳያውቅ ነው የሚመጡት እና አንድ ቀን የአንዷ አክስት በር ላይ ብትቆም በቃ አለቀ። እኔ ራሴ እማዬን "እቁብ አለኝ" እያልኳት ነው የምሄደው። ግን ሰሞኑን ሁለት ሰዎች በውስጥ መስመር "በጉዲፈቻ ያደጉ ትልልቅ ሰዎች የሚገናኙበት ቦታ ታውቂያለሽ እንዴ" ብለው ስለጠየቁኝ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። የምግብ ቤትና የጸጉር ቤት ሪቪው ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ይሄንንም እንደዛው ነው የምጽፈው፣ ቡናውን ጭምር።

አካሄዱ፦ ከመገናኛ ጣፎ የሚል ታክሲ፣ ወይ ደግሞ ባቡሩን እስከ መጨረሻው አያት ድረስ ይዛችሁ ከዛ ታክሲ፣ ከዛ ባጃጅ፣ ከዛ ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ቦታ ወርዳችሁ በእግር። ክረምት ላይ ቦት ጫማ ያስፈልጋል፣ ቀልዴን አይደለም፣ ሐምሌ ላይ አንድ ጫማዬን ጭቃው ውስጥ ጥዬ በካልሲ ነው የገባሁት እና ማንም አልሳቀም፣ አንዱ ብቻ ዝም ብሎ ነጠላ ጫማ አምጥቶ እግሬ ስር አስቀመጠልኝ። ግቢው የኪራይ ነው፣ የቆርቆሮ በር፣ ውስጡ አንድ የዘይቱን ዛፍ፣ አንድ ሰፊ ክፍል፣ የፕላስቲክ ወንበርና ዳር ዳሩን ፍራሽ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ 8 ሰዓት ነው ይባላል፣ 9 ይጀመራል። ክፍያው 150 ብር ነው ለቡናና ለቆሎ፣ ግን ብሩን የሚቀበል ሰው የለም፣ በሩ ጀርባ ክዳኗ የተቀደደ የወተት ጣሳ አለች፣ ስትገቡ እጃችሁን ትከታላችሁ፣ ከተታችሁ አልከተታችሁ የሚያይ የለም። ይቺን ጣሳ ያሰባት ሰው ተባረክ ብያለሁ።

ሰው ጉዲፈቻ ሲባል ቶሎ የሚመጣበት ፈረንጅ ሕፃን ታቅፎ ቦሌ ኤርፖርት ሲገባ ነው። እውነት ነው ያም አለ፣ በፈረንጆቹ ከ1999 ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ልጅ ነው የሄደው፣ እኛጋ ፓርላማው የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻን የከለከለው ደግሞ በጥር 2010 ነው። ሕፃን ሆነው የሄዱት አሁን ጢም አውጥተዋል፣ አንዳንዶቹም ተመልሰው መጥተው እዚሁ ቡና ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ስለነሱ እመለሳለሁ። ግን እዚህ ቤት አብዛኛው ሰው ከአገር ወጥቶ አያውቅም። ጎረቤት ያሳደገው፣ የአክስት ባል ያሳደገው፣ መሀን ባልና ሚስት ከሕፃናት ማሳደጊያ ያመጡት፣ የ77 ድርቅ ወላጆቹን የበላበት። ወረቀት ያለውም የሌለውም፣ "ያሳደግኩት ልጄ" ተብሎ የተዋወቀም፣ እንደኔ ደግሞ ጭራሽ ያልተነገረውም።

አስተባባሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ሶሻል ወርክ የተማረች፣ ራሷም በጉዲፈቻ ያደገች፣ ወደ አርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ሴት ናት። ሌላው ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው ነው፣ የ77 ልጅ ነው፣ በማሳደጊያ ካደገ በኋላ አንድ የሰበታ ቤተሰብ ነው የወሰደው (ይሄን የጻፍኩት ራሱ በሰው ፊት ስለሚናገረው ነው፣ የሌላ ሰው ታሪክ ከኔ አትጠብቁ፣ ሕጉ እንደዛ ነው)። ጋሼ ኦሮምኛው አፍ መፍቻው ስለሆነ መጀመሪያ ቀን ቃሉን ተረተረልን፣ ጉዲሱ ማለት ማሳደግ ነው፣ ጉዲፈቹ ሲሆን ደግሞ ለራስ አድርጎ ማሳደግ፣ እና በባህሉ ልጁ አንዴ ጉዲፈቻ ከሆነ እንደተወለደ ነው የሚቆጠረው፣ "ያመጣነው ልጅ" ብሎ መጥራት ነውር ነው አለን። በአማራውም ወገን የጡት ልጅ የሚባል አለ፣ ጡት አጥብቶ፣ ወይም እንዳጠባ ተቆጥሮ ልጅ ማድረግ፣ እሱን እኔ ከአያቴ ሰምቼዋለሁ። በቃ አባቶቻችን ወግ ሠርተውለት የነበረ ነገር ነው፣ እኛጋ ሲደርስ ነው በሹክሹክታ የሆነው።

አሁን ወደ ዋናው። ቤቱ ውስጥ ሁለት የተከለከሉ ቃላት አሉ። አንደኛው "እውነተኛ እናት" ነው። የወለደች እናት ትላላችሁ፣ ያሳደገች እናት ትላላችሁ፣ እውነተኛ ካላችሁ ሌላዋ ሐሰተኛ ልትሆን ነው ማለት ነው እና ማንም እናቱን ሐሰተኛ አያደርግም። መጀመሪያ የቃላት ጨዋታ መስሎኝ ነበር፣ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አፌ ላይ ሊመጣ ሲል ዋጥ ሳደርገው ነው የገባኝ።

ሁለተኛው የተከለከለ ቃል "ዕድለኛ" ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አራቱን ኮከብ የሰጠሁት በዚህ ነው። አንጀሊና ጆሊ በፈረንጆቹ በ2005 ከኢትዮጵያ ልጅ ስትወስድ መንደራችን በሙሉ "አይ ዕድል! አይ እሱ ሲሰጥ!" ሲል ትዝ ይለኛል፣ እኔም ብያለሁ፣ ያኔ ስለራሴ አላውቅም ነበር። ከዛ ሳውቅ ያው ቃል ወደኔ ዞረ። አጎቴም አለኝ፣ የልብ ጓደኛዬም አለችኝ፣ አንድ ታዋቂ የካውንስሊንግ ቢሮ ሄጄ (ስም አልጠራም) ለአንድ ሰዓት 1,200 ብር ከፍዬ ባለሙያው ራሱ "እህቴ፣ መንገድ ላይ የቀሩ ስንት አሉ፣ አንቺ እኮ ዕድለኛ ነሽ፣ እግዜርን አመስግኚ" አለኝ። አመሰግናለሁ እኮ! በየቀኑ ነው የማመሰግነው! ችግሩ ዕድለኛ ነሽ ስትባይ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር የለም፣ በሩ ተዘጋ ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ብታለቅሺ ውለታ ቢስ ነሽ፣ ብትጠይቂ ውለታ ቢስ ነሽ። እኛ አገር ደግሞ ውለታ ቢስ ከመባል ሌባ መባል ይሻላል። እማዬ ጉሊት ቸርችራ ነው ያስተማረችኝ፣ አባዬ ከሞተ በኋላ ሁለት ጊዜ ወርቋን ሸጣለች፣ ይሄን ሁሉ አውቄ "የወለደችኝን ሴት መልኳን ማየት እፈልጋለሁ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር በየት በኩል ነው ከአፌ የማወጣው? እዚህ ቤት መጀመሪያ ቀን እንዳወጣሁት ማንም "እናትሽን ታሳዝኛታለሽ" አላለኝም፣ ማንም እግዜርን አመስግኚ አላለኝም። አንዷ ብቻ "እኔ እጇን ነበር የምፈልገው፣ መልኳን ሳይሆን እጇን፣ የኔ እጅ ትልቅ ስለሆነ" አለች። ከዛ ቡናው ተቀዳ። አለቀ። ይሄ ነው አገልግሎቱ፣ ሌላ ምንም አይሠሩም ልትሉ ትችላላችሁ፣ እኔ ግን ያን ቀን ማታ ከስንት ጊዜ በኋላ እስኪነጋ ተኛሁ።

እንዴት እንዳወቅኩ ልንገራችሁ፣ ይሄ የራሴ ስለሆነ መብቴ ነው። የ19 ዓመት ልጅ ሆኜ አባዬ ሞተ፣ አርባው ሳይወጣ የቤት ጉዳይ ተነሣ፣ የአባዬ እህት ሳሎን መሀል ቆማ "አንቺ ምን አገባሽ፣ ከየት እንደመጣሽ እንኳን ሳታውቂ" አለችኝ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ዝምታው ነው የነገረኝ፣ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሳይቀር ያውቅ ነበር፣ እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቀው። እዚህ ቡና ላይ ስሰማ ግማሹ ሰው እንደዚሁ ነው ያወቀው፣ ወይ በውርስ ጠብ፣ ወይ በጎረቤት ስድብ፣ ወይ ሰርግ ላይ ሽማግሌ "ከማን ወገን ናት" ሲል። ልጅ ሆኜ ጠብ ላይ "አሳዳጊ የበደለው" ስባል ተራ ስድብ ነበር የሚመስለኝ፣ አሁን አንድ ሰው ታክሲ ውስጥ ሲለው ራሱ ሆዴ ጭብጥ ይላል።

ከዛ ደግሞ የስም ነገር። ውጭ ያለ ሰው ይሄ አይገባውም ምክንያቱም እነሱ የቤተሰብ ስም አላቸው፣ እኛ ስማችን ራሱ ትውልድ ቆጠራ ነው፣ ፎርም በሞላሁ ቁጥር "ስም ከነአያት" ይለኛል። ባንክ፣ ቀበሌ፣ ፋይዳ ስመዘገብ፣ ሁሉም ቦታ። የአባዬን ስም በኩራት ነው የምጽፈው፣ የአያቴ ስም ላይ ስደርስ ግን እስክሪብቶው ይከብደኛል፣ የማን አያት? አንድ ቅዳሜ ሙሉውን በዚህ ብቻ ሄደ፣ አስተባባሪዋ ወረቀት አደለችን እና ስማችሁን የፈለጋችሁትን ያህል አርዝማችሁ ጻፉ አለች። አንዱ ልጅ ሁለት መስመር ጻፈ፣ ያሳደገውንም የወለደውንም አባት አንድ ላይ ሰካካቸው። አንዷ የራሷን ስም ብቻ ጽፋ ነጥብ አደረገች። እኔ የእማዬን ስም ነው ከስሜ ቀጥሎ የጻፍኩት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጥሩ ሆኖ ታየኝ።

ሐኪም ቤትም እንደዛው ነው፣ "በቤተሰብ ስኳር አለ? ደም ግፊት አለ?" ይሉሻል። ድሮ የእማዬን ደም ግፊት እናገር ነበር። አሁን "አላውቅም፣ በጉዲፈቻ ነው ያደግኩት" እላለሁ፣ ይሄን መናገር እዛ ቤት ነው የተለማመድኩት፣ በእውነት ጮክ ብለን ነው የተለማመድነው እንደ ድራማ፣ አንዱ ሐኪም ሆኖ፣ ሌላው ታካሚ ሆኖ፣ ሳቅ በሳቅ ሆነን ነበር።

ልጄን የወለድኩ ጊዜ የሆነውን ግን ቡናው ላይ ለመናገር አምስት ወር ፈጅቶብኛል። ያው አራስ ጥየቃ ታውቃላችሁ፣ ገንፎ ተበልቶ ሴቶቹ ሕፃኑን እየተቀባበሉ "ግንባሩ የአባቱ ነው፣ አፍንጫው ግን ከማን ነው?" ይላሉ፣ ሁሉም ወደ እማዬ ዞሩ፣ እማዬም ሳታመነታ "የአባቴ ነው፣ ቁርጥ አባቴን!" አለች። እኔ ልጄን አየሁት፣ በሕይወቴ የሚመስለኝ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፣ አፍንጫው የኔ ነው፣ ከኔ በፊት ደግሞ የአንድ የማላውቃት ሴት ወይም የአንድ የማላውቀው ሰው ነው። እና እማዬን አላረምኳትም። ይሄን ስናገር ቤቱ ውስጥ አራት እናቶች ነበሩ፣ አራቱም በአንዴ ነው የነቀነቁት።

አስተባባሪዋ ያን ቀን ስለ ፖሊን ቦስ ነገረችን፣ አሜሪካዊት ምሁር ናት፣ ቬትናም ጦርነት ላይ የጠፉ አብራሪዎችን ቤተሰቦች ስታጠና ነው ነገሩን ያየችው፣ ሰውዬው ሞተ አይባል አለ አይባል፣ ሐዘን አለ ግን ማልቀሻ ቦታ የለም። ለዚህ ነገር የሰጠችው የእንግሊዝኛ ስም ነበር፣ አስተባባሪዋ ለመተርጎም ስትቸገር ጋሼ "መርዶ ያልመጣለት ሐዘን ነዋ" አላት። ዝም አልን። ይሄን ደግሞ ኢትዮጵያዊ ሊማረው አያስፈልገውም እኮ፣ በደርግ ጊዜ ልጇ ሰሜን ዘምቶ መርዶም ደብዳቤም ሳይመጣላት በር በሩን እያየች ያረጀች እናት የማያውቅ ሰፈር አለ? እኛም ከዛ የሚለየን የምንጠብቀው ሰው እኛን ይጠብቅ አይጠብቅ አለማወቃችን ነው። እድር ሦስት ቀን ድንኳን ይጥላል፣ ለዚህኛው የሚጣል ድንኳን የለም።

የሕጉ ቀን ደግሞ ለብቻው ኮከብ ይገባዋል። በዓመት ሁለቴ አንድ ጠበቃ በነጻ ይመጣል፣ አሰልቺ ይሆናል ብዬ ልቀር ነበር፣ እንኳን አልቀረሁ። አዲስ አበባ ላለ ሰው የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፣ ኦሮሚያ ደግሞ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው (ጣፎ ሸገር ከተማ ውስጥ ስለሆነ እዛ ያላችሁ በክልሉ ነው የምትዳኙት፣ ልብ በሉ)። በፌደራሉ ሕግ በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ለሁሉም ነገር እንደተወለደ ልጅ ነው የሚታየው፣ ይወርሳል ማለት ነው። ግን፣ ይሄ ግን ትልቅ ግን ነው፣ የጉዲፈቻ ስምምነት ተደርጎ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ጉዲፈቻ የለም። አሳደግኩት፣ አስተማርኩት፣ ዳርኩት ብቻውን በሕግ ፊት ልጅ አያደርግም። እኛ ውስጥ ወረቀት ያላቸውን እጅ አውጡ ሲል ከሃያ ምናምን ሰው ስድስት እጅ ነው የወጣው። እኔም አላወጣሁም። አክስቴ ሳሎን ውስጥ እንደዛ ደፍራ የተናገረችው ለካ ይሄን ጠይቃ ነው። እማዬ ያኔ ቤቱን ያዳነችው በራሷ ድርሻ ተከራክራ እንጂ በኔ ስም አልነበረም፣ ይሄን ያወቅኩት ከ18 ዓመት በኋላ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ጠበቃው ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሕጉ ልጁ ከወለደው ቤተሰብ ጋ ያለውን ግንኙነት አይቆርጥም፣ የግድ መምረጥ ሲመጣ ያሳደገው ይቀድማል እንጂ የወለደው አይሰረዝም። አንዱ ልጅ "ድገመው እስቲ" አለው። ደገመው። "አንዴ ደግሞ" አለው።

ከውጭ ስለመጡት ልበላችሁ። በያንዳንዱ ቅዳሜ ሁለት ሦስት አሉ፣ ከአውሮፓም ከአሜሪካም፣ አንዳንዶቹ ቤተሰብ ፍለጋ ለአንድ ወር የመጡ፣ አንዳንዶቹ ጠቅልለው የገቡ። ከነሱ ጋ መጀመሪያ ላይ አልተግባባንም፣ ልዋሽ አልፈልግም። እነሱ በግልጽ ይናገራሉ፣ ፋይል ይጠይቃሉ፣ ዲኤንኤ ምራቅ ልከው ካናዳ ያለ የአጎት ልጅ አግኝተው ይመጣሉ፣ እኛ ደግሞ "ሰው ምን ይላል" ላይ ነን ገና። አንዳንዶቻችን ውስጥ ቅናትም ነበር መሰለኝ፣ ፓስፖርታቸውን እያየን እናንተ ደግሞ ምን ጎደላችሁ እንላለን በሆዳችን፣ ማለትም የተከለከለውን ቃል ራሳችን ለነሱ እንላለን! ጋሼ ነው ያስቆመን። ከዛ እያየን ስንመጣ ታክሲ ረዳቱ መልኩን አይቶ በአማርኛ ሲያወራው መልስ ያጣ ልጅ፣ እዛ ጥቁር እዚህ ፈረንጅ የሆነ ልጅ፣ እናቱ በሕይወት እያለች ወረቀቱ ላይ ሞታለች ተብሎ የተጻፈለት ልጅ አለ፣ እንደዚህ አይነት የሐሰት ወረቀት እንደነበረ ደግሞ በዓለም ዜና ስንት ጊዜ ተዘግቧል። እኔ ቢያንስ ወጥ መሥራት ከእማዬ ተምሬያለሁ፣ ለቅሶ ቤት ምን እንደሚባል አውቃለሁ። አንዷ አማርኛ እያጠናች ነው፣ ቡና ስንጠጣ "ኑ ቡና ጠጡ" ማለት የሷ ሥራ ሆኗል፣ በሯ ላይ ቆማ ለመንገደኛ ሁሉ ስትጣራ አስተባባሪዋ ሮጣ አስገባቻት፣ ምስጢራዊ ስብሰባችን እንዲህ ነው የሚጠበቀው።

አስተርጓሚ ግን የለም፣ ይሄ አንዱ ቅሬታዬ ነው። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ተነሥቶ ይተረጉማል፣ ሲደክመው ያሳጥራል፣ ሰውዬው አስር ደቂቃ አልቅሶ ያወራውን "ከብዶት ነበር ነው የሚለው" ብሎ ይቀመጣል። እንዴ!

ሌሎች ቅሬታዎች። ሰዓት አልኳችሁ። ክፍሉ ይበርዳል፣ የጣፎ ንፋስ ቀልድ የለውም፣ ሹራብ ያዙ። ወንዶቹ አይናገሩም፣ ስድስት ወር መጥቶ ቆሎ ብቻ ሲበላ የኖረ አለ (አይከለከልም፣ "ዝም ማለትም መምጣት ነው" ይላሉ፣ እሺ፣ ግን ቆሎው ለሌላውም ይድረስ)። ልጆቻቸውን የሰጡ እናቶች የሚመጡበት ቀን የለም፣ ስጠይቅ "ገና አልደረስንበትም" ተባልኩ፣ እኔ ደግሞ አንዲት እንደዛ ያለች ሴት ቁጭ ብላ ብሰማት ካነበብኩት ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። እና ከሁሉም የሚከብደው፣ ይሄ ሕክምና አይደለም። ራሳቸውም አይደለም ይላሉ። ግን አንድ ቅዳሜ ከባድ ነገር ተፈጠረ፣ ዝርዝሩን አልጽፍም፣ ያን ቀን ሁላችንም ምን እንደምናደርግ አላወቅንም፣ አስተባባሪዋ ብቻዋን ነው ተሸክማ አብራ ሆስፒታል ድረስ የሄደችው። ከዛ በኋላ ግድግዳው ላይ የአእምሮ ሐኪሞችና የሆስፒታሎች ስልክ ተለጠፈ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ከመጀመሪያውኑ መኖር ነበረበት። አምስተኛዋን ኮከብ የያዝኩት በዚህ ነው። እንቅልፍ ሙሉ በሙሉ የጠፋባችሁ፣ ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ የሚመላለስባችሁ ሰዎች ቡናችንን ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ቡናው የትም አይሄድም፣ ከዛ ጎን ለጎን ትመጣላችሁ። ጸበል የሚሄዱም አሉ፣ ማንም አይስቅባቸውም፣ መድኃኒት የጀመረውም ጸበል የሚጠመቀውም አንድ ፍራሽ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ቡናው፦ የይርጋጨፌ ነው ይላሉ፣ እኔ አላመንኩም፣ ግን በደንብ ተቆልቶ አጠገባችን ነው የሚወቀጠው፣ ሦስቱንም ይፈላል፣ ቶና ላይ የሚሄድ ሰው ካለ በዓይን ነው የሚቀጡት። ምርጥ ወሬ የሚመጣው በረካ ላይ ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የምትወጡ ከሆነ ዋናው ያመልጣችኋል። ቆሎው ገብስና ሽምብራ፣ አንዳንዴ ኑግ ይጨመርበታል። እጣኑ በዝቷል፣ ነጠላዬ ላይ ሁለት ቀን ይቆያል።

መምጣት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ መጀመሪያ አስተባባሪዋ በስልክ ታወራችኋለች፣ ከዛ ነው አቅጣጫ የሚነገራችሁ። ጉጉት ብቻ ይዞ ለማየት የሚመጣ ሰው አይገባም፣ ጋዜጠኛም አይገባም፣ አንድ ዩቲዩበር ሞክሮ ተመልሷል።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ቤት ስገባ እማዬ ነጠላዬን ተቀብላኝ ልትሰቅል ስትል አሸተተችው። "እቁባችሁ ላይ እጣን ይጨሳል እንዴ?" አለችኝ። አዎ፣ የቤቱ ባለቤት እጣን ትወዳለች አልኳት። ቀና ብላ ትንሽ አየችኝ፣ ከዛ ነጠላውን እያጠፈች "ታዲያ ይሄን ያህል ጊዜ ስትጥዪ፣ ላንቺ መቼ ነው የሚደርስሽ?" አለችኝ። ገና ነኝ አልኳት።